የውሰት ስም

ሙሐረቅ፣ ድሮ ዕንቁ ጠላቂ የኖረበት ሰፈር፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ዳር፣
በመስታወት ሣጥን ቆመሻል ያለ ራስ፣
ሐር በሐር ላይ ተደርቦ፣ ከትከሻሽ ምንጣፉ ድረስ።
ከጎንሽ አንድ ማበጠሪያ፣ ከጎኑ ጥቁር ቢልቃጥ፣
ከዚያም ጩቤ፣ ትንሽዬ፣ ከደረት የሚሸጎጥ።
ማክሰኞና ዓርብ ሣጥንሽን ከፍቼ የምጠርግ እኔ ነኝ፤
በላባ እንጂ በእጄ እንዳልነካሽ አስማሉኝ።

የቤቱ ትንሽ ልጅ፣ ሙዛ፣ ጽሑፉን አነበበችልኝ፤
"ጃፓን፤ የመስፍን ሚስት፤ ስሟ አልተጻፈም" አለችኝ።
"መስፍኑ አገሩ ሲገባ እሷ ዋና ከተማ ትቀራለች፣
እንዳይሸፍት መያዣ ናት፤ ግንብ ውስጥ ትጠበቃለች።
መውጣት ብትፈልግ በየኬላው ሴት ፈታሽ አለች፤
ጠጉሯን ፈትታ፣ በጣቷ፣ ዘለላ በዘለላ ታያለች።"

እኔ ሳቅሁኝ። ሙዛ ግራ ገባት።
ፓስፖርቴ ያለው እናቷ መሳቢያ፣ ከሐብሏ ሥር፣ ቁልፍ አለበት።
ሹሩባዬንም ፈትሸውታል፣ በጓንት፣ በገባሁ ሌት፤
ይሄን ግን ለልጅ አይነግሩትም። "አቧራ ገባብኝ" አልኳት።

ቢልቃጡ የብረት ዝገት በሆምጣጤ የዘፈዘፉበት፣
ጥርስሽን ታጠቁሪበት ነበር፤ ቁንጅና ባገርሽ ማለት
እንደ ከሰል የጠቆረ ጥርስ ነው። ከንፈሬን ገለበጥኩ ለሙዛ፤
የተነቀሰ ድዴን አየችው፤ አፏን ያዘች፤ ቀረች ፈዛ።
በመርፌ ነው፣ በኩራዝ ጥላሸት፣ ሁለት ሴት ይዘውኝ በጉልበት፤
አንቺንስ ማን ያዘሽ፣ እመቤቴ፣ መጀመሪያ ያጠቆርሽ ለት?

ግን ሁሌ አላዝንልሽም። አንዲት ሴት ነበረች፣
ይህን ሐር ስፌቱን ተርትራ፣ አጥባ፣ መልሳ የሰፋች፣
ብርድ እጇን የሰነጠቃት። የሷ ሣጥን የታለች?
ማን ነው ማክሰኞ ማክሰኞ አቧራዋን የሚያራግፍላት?

ጩቤውም ለጠላት አይደለም አሉ። ላንቺው ነው፤ ለገዛ አንገት።
ያን ቀን ሁሉንም ጠረግሁ፤ ጩቤሽን ዘለልኩት።

እዚህ ቤት "ሊና" ነው የምባለው፤ ለምላስ ይቀላል አሉ፤
የሺመቤት ሊሉ ሲሞክሩ "የሺ" ላይ ደርሰው ይቀራሉ።
እናቴ የሺህ እመቤት ትሁን ብላ ያወጣችው፣
ሦስት ዓመት ቦርሳዬ ሥር አለ፤ ማንም አልተጠቀመው።
ላውስሽ። ስም የለሽም አይደል? የኔ ደግሞ ሥራ ፈቷል፤
ኮንትራቴ ሲያልቅ ትመልሺዋለሽ፤ እስከዚያ ካንቺ ይውላል።

ዓርብ ለት፣ ሁሉም ለጸሎት ሲወጡ፣ ላባዬን እንደያዝኩኝ፣
ቀስ ብዬ ጠራሁሽ፦ "የሺመቤት!"
የማቀዝቀዣው ነፋስ እጅጌሽን ወዘወዘው፤
"አቤት" ያልኩት ግን እኔው ነኝ።