ባለቤት የሌለው ግሥ

ጋንግኑንግ ከተማ፣ ችሎት ቁጥር ሁለት፤
ማሞቂያው ያቃስታል፤ ዳኛዋ ወጣት ናት።
በተከሳሹ ወንበር የሚቀመጥ የለም፤
አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ፋይሉ ግን አልሞተም።

ታነባለች፦
«ያለ ማዘዣ ተይዟል።
ለሠላሳ ሰባት ቀን ከሰው ዓይን ተሰውሯል።
ተገርፏል። ውሃ በአፍንጫው ተጨምሯል።
ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ እንዲፈርም ተገድዷል።»

ተ፣ ተ፣ ተ።

እኔ በገጂን ወደብ የዓሣ ሆድ ቀዳጅ ነኝ፤
አምስተኛ ክፍል ላይ «የሰላይ ልጅ» ብለው ያስቀሩኝ፤
ሰዋስው ባልጨርስም ይህ ግን አልጠፋኝም፦
ግሥ ያለ ባለቤት አይቆምም።
የተገረፈ ካለ፣ ገራፊ አለ፤
ጅራፍ ከግድግዳው በገዛ እግሩ አልዘለለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በብርዱ ወራት
ጭጋግ ባሕሩን ውጦት፣ ሞተሩ ሞቶባት፣
የአባቴ ጀልባ ወደ ሰሜን ሄደች ተንሳፋ፤
ድንበር ውሃ ላይ አይሰመር፤ ቢሰመርም ጠፋ።
አሥር ወር ያዙት እነዚያ፣ «ሰላይ ነህ» ብለው።
ለቀቁት።
ወደቡ ላይ የእኛዎቹ ጠበቁት፣ «ሰላይ ነህ» ብለው።

ማስረጃው አንድ ራዲዮ፣ ማዕበል የሚሰማበት፤
ደግሞም ለጎረቤት፣ በሶጁ ሞቅታ መሃል፣
ያመለጠችው ቃል፦
«እዚያም ሩዝ ይበላል።»
እውነቴን ነው፣ ብሏል።
እዚያም ሩዝ ይበላል።

አባቴ ግን ባለቤት ነበረችው፤ ስሟ ኦክቡን።
በየወሩ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ አዝላ ታናሼን፣
የደረቀ ዓሣና ሹራብ ትወስድ ነበር።
ዓሣው ከጠባቂዎቹ ሆድ ይቀር ነበር፤
ሹራቡን መለሱላት፣ «ቀለሙ ቀይ ነው» ብለው።
ተርትራ፣ በከሰል ውሃ ነክራ፣
እንደገና ሠራችው።
ይኸው በጉልበቴ ላይ ነው። አልለበሰውም፤
በወጣ ጊዜ ትከሻው የሹራቡን ያህል አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ባሕር አላየም። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ
ኖረ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ተነሥቶ
ጫማውን ያጠልቅ ነበር።
ለእኔም የመጣው ሽማግሌ በሦስተኛው ሳምንት ቀረ፤
የሙሽራው አጎት መዝገብ አገላብጦ ኖሯል። ነገሩ ተሰበረ።

ዓቃቤ ሕጉ «ተቃውሞ የለንም» አለ። ሁለት ቃል።
ዳኛዋ ተነሥታ፣ «በመንግሥት ስም» ብላ፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።
ክፉ ሰው አይደለችም። ዓይኗ እንባ አዝሏል።
ግን ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል፤
ዛሬ ደግሞ በሌላ ሰው ወገብ ይጎነበሳል።

ካሳው በቀን ተሰልቷል። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ ሰባት ቀን።
የታሰረበትን ቆጠሩ፤ የፈራበትን ግን?
ገንዘቡስ ከማን ኪስ ነው? ከግብር።
ዓሣ ቀድጄ ከከፈልኩት፣ ከእኔው ግብር።

መርማሪው ፕዮ ጉዋንሆ ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው።
ተራራ ሥር ፍራፍሬ ይተክላል፤ ጉልበቱን ያመዋል፣
ጡረታው በወሩ ሃያ አምስት ይደርሰዋል።
በአባቴ ፋይል የተሸለመው ሜዳሊያ አልተመለሰም።
ስልክ ተደውሎለት «አላስታውስም» አለ።
የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ እሺ፤
የተወጋው ከሞተስ?

ዳኛዋ «የሚጨመር አለ?» አለች፤ እንዲያው ለወጉ።
ተነሣሁ። ሹራቡን ወንበሩ ላይ አኖርኩ።
«አንድ ዓረፍተ ነገር ይታረም» አልኩ።
«ተገርፏል አይባል።
ፕዮ ጉዋንሆ አባቴን ገርፏል።
አለቃው አዟል፤ ሐኪሙ አይቶ ፈርሟል፤
ያን ጊዜ በዚህ ወንበር የነበረው ዳኛ
ቁስሉን በዓይኑ እያየ ሰባት ዓመት ፈርዷል።
ስም አላቸው ሁሉም። ይጻፍ።»

የጸሐፊዋ ጣቶች ከፊደሉ በላይ ቆሙ፤
ዳኛዋን አየች።
ዳኛዋ ወረቀቷን አየች።
ማሞቂያው ያቃስታል።
እኔ አልተቀመጥኩም።