አንድ ነጥብ ሦስት

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ከአስፋልቱ በላይ፤
ሱቄን ስከፍት ብርዱ ቀድሞኝ ተቀምጧል ወንበር ላይ።
አጥናፍሰገድ መጣ፣ ጆንያ አንጠልጥሎ፣
«ይህን የመሰለ፣ ቁርጥ ይህን ስፋ» ብሎ።
የአብራሪ ጃኬት ነው፣ የአባቱ፤ ክርኑ ያለቀ፣
ዚፑ ዝጎ የደረቀ፣
ገበሩ እስከ ዛሬ ነዳጅ ነዳጅ የሚሸት፣
ኮሌታው ላይ የአንድ ሰው አንገት
ተቀርጾ የቀረበት።

ስፌቱን ፈትቼ ለካሁት በካሊፐር፦
አንድ ነጥብ ሦስት ሚሊ ሜትር።

የመንዝ በግ ዘረጋሁ፣ ዜሮ ነጥብ ሰባት፤
ለመዳፍ ይጥማል፣ ግን አይቆምም በደረት።
ፍየል አወረድኩኝ፣ ከሸዋ ሮቢት የመጣ፣
ፊቱ ችፍ ችፍ ያለ፣ ሲያጥፉት የሚቆጣ።
የበሬም ገለጥኩኝ፣ ሁለት ሚሊ የሞላለት፤
«ይሄስ በሬ አይደለም፣ በር ነው፤ ማጠፊያ ግጠምበት!»

አሮጌውን ይዤ ወደ መስኮት ወጣሁ፤
ገልብጬ አየሁት፣ በአውራ ጣቴ አሸሁ።
ላብ የጠገበ፣ ድፍን፣ ፀሐይ ሲያየው የሚቀላ፣
በሬ ያልሆነ፣ ፍየል ያልሆነ፣ ሌላ።
ፈረስ ነው።
ዝም አልን ሁለታችን።

እኛ ዘንድ ፈረስ ሲሞት ማን ቆዳውን ይገፍፋል?
ጌታው በስሙ ይጠራል፤ እሱ ለጅብ ይተርፋል።
ለጥምቀት ጉግስ ስንት ልጓም ሰፍቻለሁ፤
እሱን ራሱን ልስፋው? ከየትስ አገኘዋለሁ?

ፍየሉን መረጠ፤ አንድ ነጥብ አንድ።
ሁለት ዐሥረኛ ጎደለ፤
«እሱን ብርዱ ይሙላው» አለ።

ለልክ ብሎ ትቶት የሄደው አሮጌው
ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ክርኑ እንደታጠፈ ነው።
ማታ ሱቅ ስዘጋ ጀርባዬን አልሰጠው።