እጅህን ዘርጋ

ጠባሴ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣ ጌም ቤት አለችን አንዲት፣
ከአስር ሰው በላይ ስትይዝ መተንፈስ የሚያቅታት።
ማሽኑ ያገለገለ ነው፤ ግንባሩ ላይ ካሜራ፣
ያለ ሽቦ፣ ያለ ጆይስቲክ፣ በእጅ ምልክት የሚሠራ።

መጀመሪያ የተቸገርነው በጋቢ ነው።
ብርዱ የሰውን ልክ ያውቃል፣ ማሽኑ ግን አያውቅም፤
ጋቢ የደረበ ገላ ከግድግዳ አይለይለትም።
«ሰው የለም» ብሎ ይጽፋል፣ ሰው ተገትሮ ከፊቱ፤
እኔ እጮሃለሁ፦ «ጋቢ ይውለቅ! ይታይ ክንዱ፣ ደረቱ!»
ያወልቃል አንዱ፣ በብርዱ ይንቀጠቀጣል ቆሞ፤
ማሽኑ ቡጢ መስሎት ነጥብ ይሰጠዋል ደጋግሞ።

ሐምሌ፣ አንድ ረቡዕ፣ በረዶ ቆርቆሮውን ሲወግር፣
ጋሽ ዘርጋው ገቡ ሊጠለሉ፣ አጎንብሰው በበር።
ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሱፍ ሲያበጥሩ ኖሩ፤
ሁለት የቀኝ ጣቶቻቸው ከሱፉ ጋር እዚያው ቀሩ።
«የማን አልጋ ላይ ይሆኑ?» ይላሉ ሲቀልዱ፣ «ጣቶቼ፤
አንዱን ሰው ያሞቁ ይሆናል፣ እኔ በርዶኝ ተኝቼ።»
ይቀልዳሉ እንጂ እጃቸው ከኮት ኪሳቸው አይወጣም፤
ለቀብርም ሆነ ለሠርግ ክንድ እንጂ መዳፍ አይሰጡም።

«እስቲ እኔንስ ያውቀኝ ይሆን?» ጋቢያቸውን ጥለው ቆሙ ከመስመር፤
ጽሑፉን ጮክ ብዬ ተረጎምሁ፣ አንቱ ከማይባልበት አገር፦
«እጅህን ዘርጋ!»
ሳቁ። «ስሜን ማን ነገረው?»

ከኪስ ወጣ ቀኝ እጃቸው። እኔ ወደ በሩ ዞርሁ።
ዝም ሲሉብኝ ጊዜ መልሼ ስክሪኑን አየሁ።
ሰማያዊ እጅ ቆሟል፤ አምስት ጣት፣ አንድ ሳይጎድል።
ያላየውን ከግምቱ እየቆረሰ ይሞላል፤
መቼስ ሰው ሁሉ ባለ አምስት ጣት ነው፣ እንዲያ ተምሯል።

አጠፉ፤ ታጠፈ።
ዘረጉ፤ ተዘረጋ።
የቀለበት ጣትና ማርያም ጣት፣ ከሩቅ እንደ ተጠሩ፣
ዘግየት ብለው ነው የመጡት፣ ከወንድሞቻቸው ሊቆጠሩ።

ከላይ ሐብሐብ ይዘንባል፣ በመዳፍ ሲመቱት የሚሰነጠቅ፤
አልመቱም። አንዱንም። ሁሉ መሬት ወርዶ እስኪያልቅ።
ዜሮ።
«ድገምልኝ» አሉ። ደገምሁ።
ዜሮ።
ሦስተኛውን ሳይጠይቁኝ ከፈትሁ።

ማሽኑ ዋሸ ወይስ ለገሰ?
ቸርነት ይሁን ዕውርነት እስካሁን አልለየልኝም።
አንዱ ማሽን ወሰደባቸው፣ አንዱ ማሽን መለሰላቸው፤
የማን እጅ ነው ብሎ ግን አንዱም አልጠየቃቸው።

በረዶው ቆመ። ጉም ወረደ፣ ጫማን እንኳ የማያሳይ።
ግራቸው ጋቢ ሰብስቧል፤ ባጃጅ ጠሩ በቀኝ፣ ከመንገዱ ላይ።
ሰው አይታይም፤ ሦስት ጣት ብቻ፣ ከጉሙ መሐል ብቅ ብሎ፤
ፍሬን ሲጮህ ሰማሁ፣ የጌጡ ድምፅ ተከትሎ፦
«ጋሽ ዘርጋው! በዚህ ብርድ? ግቡ እንጂ!»

ከኋላዬ ስክሪኑ «ሰው የለም» ይላል፤ እኔ ቆሜ ከደጄ፣
የሃምሳ ብራቸው መልስ ተጨብጦ በእጄ።