ለበያጁ አዛናው

ስምህን ጽፌዋለሁ፣ መዝገቡ ላይ አለ፣
ሰባት ሐሙስ አልፎት ፊርማ እንደጎደለ።
ከጎኑም «አልተገኘም» ብዬ ጽፌበታለሁ፤
ውሸቴን ነው፣ አዛናው፣ የት እንዳለህ አውቃለሁ።
ከጎሚስታው ጎን ነህ፣ አዘዞ መንገድ ዳር፣
ብልጭታ እያዘነብክ፣ ስትሟገት ከብረት ጋር።

እንጉዳይ ግን ትመጣለች።
ልጅዓለምን አዝላ፣ ስምንት ዓመቱን፣
ሁለት እግሩ ወርዶ እየመታ ባቷን።
ባለፈው፣ ዳገቱ ሥር ትንፋሿን ስትሰበስብ፣
«አባት የለውም እንዴ?» አላት አንድ መንገደኛ።
«አለው፤ ሥራ ላይ ነው» አለች።
ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ማዘያዋን አጠበቀች።

እኔ አልታዘብህም።
ባጃጄን ከአዳራሹ አጥር ጥግ አቁሜ፣
ጎማ የማይ መስዬ፣ አጎንብሼ ቆሜ፣
ሁለት ክረምት ሙሉ ጊዜዬ አለፈ፤
ከውስጥ ሳቅ ሲሰማ ልቤ እያኮረፈ።
የልጄ እናት ስትወጣ «ምን ተባለ?» አልላትም፤
እሷም ልማድ ሆኖባት፣ ሳልጠይቅ አትነግረኝም።

«የወንድ እንባ ወደ ውስጥ ነው» ብለው አሳደጉን፤
ውስጥ ሲሞላ የት እንደሚፈስ ግን አልነገሩን።
በእኔ ቤት በቁጣ ፈሰሰ። ባንተስ?
በሥራ ይመስለኛል፤ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት፣
መብራት ቢጠፋ እንኳ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ማለት።

ደምቢያን አስታውስ፦
ጤፉ ደርሶ ሳለ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣
አባትህ ደቦ ጠራ፣ «አቃተኝ» አላለም።
ማጭድ ያለው ሁሉ በማለዳ መጣ፤
አባትህ አላፈረም፣ ጠላ ይዞ ወጣ።
ይህም ያው አጨዳ ነው፤
ዝናቡ ብቻ ነው ከቤት ውስጥ የሚመጣ።

እኛ ዘንድ ተናጋሪ የለም። ስድስት ነን።
ሹራብ ሻጩ ጎባው ስለ ልጁ ሲያወራ
ሁልጊዜ የሚያየው ወደ ቆርቆሮው ጣራ።
መምህር ፈንታሁን የመጀመሪያው ቀን
ወንበሮች አጣጥፎ፣ ቃል ሳይተነፍስ ሄደ፤
በሳምንቱ መጣ፤ ደግሞ ወንበር ዘረጋ።
አንዱ፣ ስሙን አልነግርህም፣
ልጁን ታቅፎ እንደማያውቅ የነገረን 'ለት
ማንም አልፈረደበት።
የተረፈውን ጊዜ ያወራነው ስለ ትራስ ነው፣
ከወገብ በታች ይግባ ወይስ ከጎን፣
ስለ ማንኪያ፣ በየትኛው ጉንጭ በኩል እንደሚቀል፣
ስለ ባጃጅ ሒሳብ፣ ስለ እንቅልፍ።

አሁን ልለምንህ አይደለም የመጣሁት።
ልጆቻችን በተራ የሚቀመጡባት
ባለ ጎማ ወንበር አለችን፤ ቀኝ እግሯ ተሰብሯል።
ጎንደር በያጅ ሞልቷል፣ አውቃለሁ።
ግን ባለፈው፣ ውኃ ልለምንህ ወደ ጓሮ ስዞር
አየሁ፣ ሸራ የለበሰች አንዲት ትንሽ ወንበር፤
በር አይደለች፣ መስኮት አይደለች፣ ማንም አላዘዛት፣
ለስምንት ዓመት ልጅ ወገብ በስንዝር የለካሃት።
መደገፊያዋ ሦስቴ ተቆርጦ፣ ሦስቴ ተበይዶ፣
ጠባሳው ይታያል።
«አሳየኝ» አላልኩህም። አንተም ሸራውን አልገለጥክም።

ሐሙስ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ከቀበሌው አዳራሽ ኋላ።
መዝገቡ ላይ ከእንግዲህ ምንም አልጽፍም፤
ብትመጣም ባትመጣም መስመሩን አልሰርዝም።
መናገር ከከበደህ ማሽንህን ይዘህ ና፤
እኛ ዙሪያህን እንቆማለን፣
መብራት ካልከዳን።
ያለ ጥቁር መነጽር ያ ብልጭታ ዓይን ያስነባል፤
ማን በብየዳው፣ ማን በልጁ እንዳለቀሰ
ማን ይለያል?