ድርና መሰላል

ቤቴ ሳሙና በር፣ ሥራዬም ሳሙና፤
ስሜን ደግሞ እንየው ብለውኛልና
ሰው በመስኮት አሻግሮ ፒያሳን ሲያይ
ከዓይኑና ከመንገዱ መሃል እኔ አለሁ፣ ሳልታይ።

የፋሲል ግንብ መስኮት አለው፣ መስታወት ግን የለውም፤
ንጉሥ ቢሆንም ደንበኛ፣ ለኔ ሥራ አይሆነኝም።
የኔ እንጀራ አዲሱ ፎቅ ነው፣ አቧራ የሚለብሰው፣
በጋ ሲገባ ጠዋት ታጥቦ ማታ የሚያለቅሰው።

አንድ መሰላል አለኝ፣ ሁለት ቢጫ ጀሪካን፣
ጨርቅ፣ የጎማ መጥረጊያ፣ ባልዲ፤ ይኸው ነው ድርጅታችን።
ሥራ አስኪያጁም እኔ፣ ጥበቃውም እኔ፣
ውሃ በጠፋ ቀን የሚሰበር ጎኔ።
ስልኬ መሰላሌ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤
ሰባቱ ከዝናብ ብዛት ወደ አንድ ተጠግቷል።

የእህቴ ልጅ ቃልአብ፣ ማራኪ የተማረ፣
"ጋሼ፣ ድረ ገጽ ይኑርህ" ብሎ ቅዳሜ ጀመረ።
"ድር?" አልኩት። "የምን ድር?
ሃያ ዓመት ሙሉ እኮ ነው፣ ከጣሪያ ሥር፣
ከመስኮት ጠርዝ፣ ከማዕዘን ዳር
ድር ስጠርግ የኖርኩት! አሁን በስተእርጅና
እኔው ልሁን ሸረሪት፣ ላድራ ቆሜ እንደገና?"

ሳቀና "ሸረሪት" አለኝ፣ "ዝንብ ፍለጋ አትዞርም፤
ቁጭ ብላ ትበላለች፣ መሰላል አትሸከምም።"
ደግሞ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ሲለኝ፣ "ተው ልጄ" አልኩ፣ "ምን ልናገር?
ብቻዬን ነጋዴ ነኝ፤ ከማን ጋር ልተባበር?"
"ለሌላ ሰው ስምንት ሺህ ነው፣ ለአንተ አምስት።"
አምስት ሺህ! የስንት መስኮት ላብ፣ የስንት ፎቅ ደረት።

ሌሊት ደንበኞቼን ቆጠርኩ።
ወይዘሮ ስንዱን፣ ባለ መድኃኒት ቤቷን፣
ያመጣልኝ ቅናት ነው፤ አይታ የጎረቤቷን።
ጥርስ ሐኪሙ ከእሷ ሰማ፤ የአዘዞው ሆቴል ከሱ፤
እንዲህ ነው የኔ ሥራ፣ ከአፍ ወደ አፍ መመላለሱ።
አፍ ነው የኔ ድር አልኩና ተኛሁ እፎይ ብዬ፤
በሳምንቱ ባንኩ ሄደ፣ ከእጄ፣ ከጉያዬ።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ለከተማው እንግዳ ነው፤
ስንዱን አያውቃት፣ ሐኪሙን አያውቀው።
ማንን ይጠይቅ? ስልኩን ጠየቀ፤
ስልኩም ከባሕር ዳር ባለመኪና አፈለቀ።
እኔ ከመንገዱ ማዶ የዳቦ ቤት መስኮት ስወለውል
የነሱ ውሃ ቁልቁል በባንኬ ግንባር ሲንኳለል
አየሁ። እንየው አይደለሁ? አየሁ።
ማታ ለቃልአብ ደወልኩ። "አምስቱን ሺህ ይዣለሁ።"

ገጹ ወጣ፤ ስሜ፣ ስልኬ፣ ከባልዲ ጋር የተነሳሁት።
በወሩ ሃያ ሦስት ጊዜ ታየ፤ አሥራ ዘጠኙን እኔ ነኝ ያየሁት።
አንድ ሰው ደወለ፤ ልቤ ዘለለ፤ "አቤት ጌታዬ!"
"ዊንዶውስ ትጭናለህ?" አለኝ። "መጥረግ ብቻ ነው ሙያዬ።"

ደግሞ ኔትወርኩ ጠፋ፣ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት፤
ገጼ የት እንደሄደ እግዜር ይወቅለት።
መሰላሌ ግን አልጠፋ፤ ፒያሳ ግድግዳ ተደግፎ
ቁጥሬን ለአላፊ አግዳሚው ሲያሳይ ዋለ፣ አንዷን አዛንፎ።

ወደ ባንኩ ሄድኩ አንድ ሰኞ። "ድረ ገጽ አለህ?" አለኝ።
"አለኝ" አልኩ፤ ቃሉ ራሱ አንድ ክንድ አስረዘመኝ።
ስልኩን ከፍቶ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፤
በመዳፉ ላይ ፎቶዬ ከነባልዲው ደመቀ።
ግን መልስ የለም። ልወጣ ስል፣ የበሩ መስታወት ላይ
አምስት የሕፃን ጣት፣ ቅባታም፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚታይ።
መሐረቤን አወጣሁ፣ እፍ አልኩበት፣ ጠረግሁት፤
ዞር ስል፣ ከውስጥ ቆሞ ሲያየኝ አየሁት።
"ቅዳሜ ና" አለኝ።

ማን አስገባኝ ታዲያ? ድሩ ነው? እፍታው?
እኔ አላውቅም። ቃልአብ ያውቃል፤ ሁሌም እሱ ነው የሚረታው።
ብቻ ዛሬም በየማዕዘኑ ድር ሳገኝ አላልፍም፤
ይቅር በይኝ እላታለሁ፣ አንዱንም አላተርፍም።
ያን አንዱን ግን፣ በየዓመቱ አንድ ሺህ ብር ይበላል፣
ትቼዋለሁ። ይደር።
ምናልባት አንድ ቀን ዝንብ ይይዛል።