የሁለት ሰው ሒሳብ

ብቻሽን ስትሳፈሪ የሁለት ሰው ያስከፍሉሻል፤ ክፈይ፣ አትከራከሪ፤
ባዶውን አልጋ ግን ባዶውን አታሳድሪ።
እኔ መርፌዬን፣ መለኪያዬን፣ ካልሲዬን ዘረጋሁበት፤
ቶርላይፍ ከሚያንኮራፋበት ይሻላል፤ ጸጥታ አለበት።

ኢንሱሊን ለጫኚ በሚሰጥ ሻንጣ አይሄድም፤
የእኔ ሻንጣ በርገን ቀርቶ አራት ቀን በአንድ ሹራብ ከረምኩ፣
መድኃኒቴ ግን ከእጄ ቦርሳ ንቅንቅ አላለም።

ወደብ ስትወርጂ የለመድሽውን ጫማ አድርጊ፤
የደነዘዘ እግር ቁስሉን አይናገርም፣ ማታ በመስታወት ፈልጊ።

ሎፎተንን ስናልፍ ባሕሩ እንደ እህል አንገዋለለን፤
መርፌዬን ተወግቼ እራቴን አስመለስኩት።
ላብ አጠመቀኝ፤ ግድግዳው ራቀኝ፤
የጭማቂውን ክዳን ጣቴ መክፈት አቃተው።

በሩን የከፈተው ሮዴል ነው፣ አልጋ አንጣፊው።
በመጀመሪያው ቀን፣ እያፈርኩም ቢሆን፣ ነግሬው ነበር፦
«ስኳር አለብኝ፤ ሲመሽ አንኳኩተህ ዝም ካልኩህ ቁልፍህን ተጠቀም።»
«እናቴም አለባት» አለኝ፣ ክዳኑን እያዞረ፤
ቁጥሩ ከሦስት ወደ ስድስት እስኪወጣ
በዚያኛው አልጋ ጫፍ ተቀመጠ፣ ካልሲዬን ገፋ አድርጎ።

እና እህቴ ቦርግሂል፣ ኩራትሽን እዚያው ትሮንድሃይም ተዪው፤ ለአንድ ሰው ንገሪ።
ያን ሌሊት ሒሳቡ ልክ ነበር።