ስድስት ከግማሽ

ያራት ወር ደሞዜን፣ የትራም ነጂን ላብ፣
ቆጥሬ ሰጠሁት፣ ሳልሰስት፣ ሳላስብ።
ታምፔሬ፣ ወንዙ ዳር፣ ጥጥ እየፈተለ
አገር ያለበሰ፣ ዛሬ ዝም ያለ
ጡብ ሕንጻ ሥር፣ ምድር ቤት፣ ከጨለማው ጥጉ
ታይስቶ ኩርኪ አለ፤ ሽቦ ነው ማዕረጉ።
ማጉያ ይሠራል፣ ባመት ስድስት ብቻ፣
ጥድፊያ አይወድም እሱ፣ አይወድም ዘመቻ፤
መበየጃው ባንድ እጅ፣ እርሳሱ በሌላው፣
ጠብታ በጠብታ ሆድቃውን ሲሠራው
ቀኑ ይመሽበታል።
«በል ኢልፖ፣ ወገብህን!» አለና ሳቀ፤
በረዶው ላይ ስሄድ ጉልበቴ አለቀ።

ቤቴ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለውም።
ሰካሁት፤ ጠበቅኩት። ቱቦው ቀስ እያለ፣
አመድ የለበሰ ፍም እየመሰለ
ቀላ። ሸተተኝ የሞቀ አቧራ ሽታ፣
ልቤም ያን ጊዜ ነው የዘለለ በደስታ።

መታሁት።
ወይ ጉዴ!
ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጠጠር እንደ ማፍሰስ፣
ስል፣ ቀጭን፣ ጨካኝ ድምፅ፣ ጥርስ የሚያጠርስ።
ትሬብሉን ቀነስኩት፤ ታፈነ፣ ደደረ፤
ቤዙን ስጨምረው መስኮቱ ነዘረ።
ከሞተ ሬዲዮ የወጣ ቱቦ ገዛሁ፣
ጨው እንደ በዛበት ሾርባ ውሃ አበዛሁ።

ከሥሬ የምትኖር ቱሊኪ የምትባል፣
ሰማንያን ያለፈች፤ ክንዷ ግን ይሠራል፤
በመጥረጊያ እንጨቷ ጣሪያዋን ስትመታ
ቋ! ቋ! ቋ! ሰማኋት ጠዋትና ማታ።

በሦስተኛው ሳምንት ብሶት አነገብኩኝ፣
ማጉያውን አዝዬ ታይስቶ ዘንድ ሄድኩኝ።
«ቃና የለውም» አልኩት።
ዝም አለ። ሰካና መዳፉን ዘረጋ፣
ከማጉያው ትከሻ፣ ከእንጨቱ ሊያስጠጋ፤
«ተጫወት።» ተጫወትኩ። ዓይኑን ጨፈነና
አገጩን ነቀነቀ እንደ ሰማ ዜና።
«እሾህ አለው» አልኩት። «አምንሃለሁ» አለ፤
«እኔ ግን አልሰማም፤ ጆሮዬ ከዛለ
አሥር ዓመት ሆነው። ወፉ፣ የሻይ ማንኪያው፣
የቁልፍ ኮሽታው ሄዷል፤ የቀረኝ ወፍራም ነው፣
እሱም በክንዴ በኩል።»

በሆዴ «ጉድ ሆንኩኝ» አልኩኝ ፈራ ተባ፣
«ያራት ወር ደሞዜ ደንቆሮ እጅ ገባ!»

ጊታሬ ላይ ያለች ትንሽ መዘውር፣
ከገዛኋት ወዲህ ቀርታ የነበር
አሥር ላይ፣ ተረስታ፣
በአውራ ጣቱ አዞራት፦ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት፣
ስድስት ከግማሽ ላይ ደረሰና ተዋት።
«ማጉያው ይንደድ፣ ተወው፤ አንተ ግን ቀዝቀዝ በል።
ስትፈልገው ብቻ ጫን፣ ከዚያ ደግሞ ቀለል።»

ነካሁት።
ክብ ነበር። ለስላሳ፤ ግን እንደ ድመት ምላስ
ከርከር የሚያደርግ ነገር ነበረው ቆዳ ሲልስ።
ጫን ስለው ተቆጣ፣ ስተወው መከረ፤
ጣቴን ካነሳሁም በኋላ ቱቦው ውስጥ
አንዲት ኖታ ቆየች፣ እየተነፈሰች፣
መሄድ እንደ ከበዳት እንግዳ።
ጠረጴዛው ላይ ብሎኖቹ ተንጫጩ።
«እሾሁስ?» አለኝ፣ መዳፉን ሳያነሳ።
«አለ። ግን አሁን መርፌ ሆኗል።»
«ንገረኝ ስለሱ፣ ስለ ቀጭኑ።»
ነገርኩት። ብዙ ጊዜ ወሰደብን።
እሱም የማይሰማውን ድምፅ
ካርቶን ላይ በእርሳስ ጻፈው።

ማታ፣ ማጉያውን ከወለል አንስቼ
ወንበር ላይ አወጣሁት፣ ወደ መጋረጃው አዙሬ።
ስድስት ከግማሽ። ያረጀ የዳንስ ቤት ዜማ፣
በሦስት ምት፣ ቀስ ያለ።
ቋ!
እጄ ደረቀ። ጠበቅኩ። ምንም።
ከተውኩበት ቀጠልኩ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ቋ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ቋ።
አርባ ዓመት ከጥጥ ማሽን ጋር ስትቆጥር የኖረች እጅ ናት፤
ትንሽ ትዘገያለች።
እኔም እጠብቃታለሁ።